ለምርምሩ እንከፍላለን፤ መብራቱን ግን ራሳችሁ ቻሉት!

/ከዚህ በታች የቀረበው በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ሂሳብ ክፍል ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ ኢትዮጵያዊ ለእረፍት አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ ለመምህራንና ለተማሪዎች ያደረጉት ንግግር ነው። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለጠየቁን ፈቃዳቸውን ጠብቀናል። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። - ዝግጅት ክፍሉ/



ስለ ሂሳብ መዝገብ ንግግር አደርጋለሁ ስል የጋበዘኝ ወዳጄ «ጋሼ፣ ሌላ ርዕስ የለዎትም?» ብሎኝ ነበር። የለኝም። ዕድሜዬን የጨረስኩት በዚሁ ነው። ዶክተርም ፕሮፌሰርም አይደለሁም፤ ፕሮፌሰሮቹ ገንዘቡን ሲያመጡ ደረሰኙን የምለቅም፣ ኦዲተር ሲመጣ ፊቱ የምቀመጥ ሰው ነኝ። ስለዚህ የሳይንስ ምስጢር ከእኔ አትጠብቁ። የምነግራችሁ ስለ መብራት፣ ስለ ጣሪያ፣ ስለ ዘበኛና ስለ ናፍጣ ነው።

ከራሴው ጥፋት ልጀምር።

አሜሪካ ከመሄዴ በፊት እዚሁ አገር ቤት በአንድ ላቦራቶሪ፣ የትኛው እንደሆነ ይቅር፣ የሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ከውጭ የመጣ የምርምር ገንዘብ ነበረን። ለመርፌው፣ ለመመርመሪያው ኬሚካል፣ ለመኪና ኪራዩ፣ ለመረጃ ሰብሳቢዎቹ አበል፣ ለሁሉም በጀት ተይዞለታል። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚያቀዘቅዝ አዲስ ፍሪጅም ተገዝቷል። ለጄኔሬተሩ ናፍጣ ግን የበጀት መስመር አልነበረውም። ገንዘብ ሰጪዎቹን ስንጠይቅ «ናፍጣ የምርምር ወጪ አይደለም፤ የተቋማችሁ ግዴታ ነው» አሉ። ተቋሙን ስንጠይቅ «ፕሮጀክቱ የራሱ ገንዘብ አለው፤ ከዚያ ግዙ» አለ። ደብዳቤው ሲመላለስ ከረመ።

አንድ ቅዳሜ ማታ መብራት ሄደ። ዘበኛው ጄኔሬተሩን ሊያስነሳ ቢል ጋኑ ባዶ ነው። እሑድም አልመጣም። ሰኞ ጠዋት ስንገባ ውሃው ከፍሪጁ ሥር ወርዶ በሩ ድረስ ደርሷል። የሁለት ዓመት የደም ናሙና! ከጎጥ ጎጥ በእግር እየተዞረ የተሰበሰበ፣ እናቶች «ለልጆቻችሁ መድኃኒት ይገኝበታል» ተብለው ክንዳቸውን ዘርግተው የሰጡት ደም። ተመራማሪዋ ፍሪጁን ከፍታ ቆማ ቀረች። አላለቀሰችም፤ ምንም አላለችም።

ከዚያ ሁለት ሳምንት በፊት የናፍጣ መጠየቂያውን ቅጽ ተቀብሎ፣ ጀርባው ላይ «የበጀት መስመር የሌለው ስለሆነ ተመላሽ» ብሎ የፈረመው ማን መሰላችሁ? እኔ ነኝ። ደንቡን ጠብቄ ነው የፈረምኩት። ዛሬም ቢሆን ደንቡን ብታዩት ትክክል ነበርኩ።

የናፍጣው ጉዳይ አሜሪካ ስም እንዳለው ያወቅሁት በኋላ ነው። እነሱ «ቀጥተኛ ያልሆነ ወጪ» ይሉታል፤ እኔ የጓዳ ወጪ እለዋለሁ።

እድር የሌለው ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ አይኖርም መቼም። በየወሩ የምትከፍሉት ለቀብር ነው ትላላችሁ። ነገር ግን ድንኳኑ የሚቀመጥበት ቤት አለ፤ የሚጠብቀው ሰው አለ፤ የተሰበረው ብርጭቆ ይተካል፤ ጡሩንባ ነፊው ይከፈለዋል፤ ለጸሐፊው መዝገብ ይገዛል። አንዱ አባል ተነስቶ «የኔ ገንዘብ ለሬሳ ሳጥን ብቻ ይዋል፤ ለዕቃ ቤት ኪራይ አልከፍልም» ቢል ምን ትሉታላችሁ? ሳጥኑ ዋናው ነው ማለቱ ልክ ነው። ግን ሁሉም እንደሱ ካለ በሚቀጥለው ለቅሶ ዝናብ ላይ ነው የምንቀመጠው።

አሜሪካ እንዴት እንደሚሰላ ልንገራችሁ። አንድ ፕሮፌሰር ለጥናቱ 100 ሺህ ዶላር ይጠይቃል እንበል። የረዳቶቹ ደመወዝ፣ ኬሚካሉ፣ የሙከራ አይጡ፣ ጉዞው፤ ይህ ቀጥተኛው ወጪ ነው። ሕንጻው፣ መብራቱ፣ አየር ማጣሪያው፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ አደገኛው ቆሻሻ የሚወገድበት፣ በሰው ላይ የሚደረገው ምርምር ግፍ እንዳይኖርበት የሚቆጣጠረው ኮሚቴ፣ እንደኔ ያለው ሂሳብ ለቃሚ ጭምር ግን የዚያ ጥናት ብቻ አይደሉም። የብዙ መቶ ጥናቶች የጋራ ናቸው። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲው በየጥቂት ዓመቱ ወጪውን ሁሉ ለክቶ ለመንግሥት ያቀርባል። ለክቶ ስል በእውነት ለክቶ ነው። እኔ ራሴ ከክፍል ክፍል እየዞርኩ «ይህ ክፍል ለማስተማር ነው ለምርምር? ስንት ካሬ ጫማ?» እያልኩ ስንቱን ፕሮፌሰር አሰልችቻለሁ! ከዚያ የመንግሥት ተደራዳሪዎች ይቀመጡና ይከራከሩናል፤ ይቀንሱብናል፤ በመጨረሻ አንድ የመቶኛ ቁጥር ይፈረማል።

ቁጥሩ 50 በመቶ ከሆነ በ100 ሺው ላይ 50 ሺህ ይጨመራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ጋዜጠኞችም ጭምር፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። 50 በመቶ ማለት ከገንዘቡ ግማሹ በጓዳ ቀረ ማለት አይደለም። ከ150 ሺው 50 ሺው ነው፤ ሲሶ ማለት ነው። በዚያ ላይ ትልልቅ መሣሪያዎችና የተማሪዎች የትምህርት ክፍያ ከስሌቱ ስለሚወጡ እውነተኛው ድርሻ ከሲሶም ዝቅ ይላል።

ይህ አሠራር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የመጣ ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ ቫኔቫር ቡሽ የተባሉት መሐንዲስ በ1945 ለፕሬዚዳንት ትሩማን ባቀረቡት ሪፖርት መንግሥት በሰላሙም ጊዜ የዩኒቨርሲቲዎችን መሠረታዊ ምርምር ይደግፍ አሉ። በ1947 የባሕር ኃይሉ የምርምር ቢሮ የጓዳው ወጪ የሚሰላበትን ደንብ አወጣ። ለጤና ምርምር የሚጨመረው መጀመሪያ 8 በመቶ ነበር፤ በ1958 ወደ 15፣ በ1963 ወደ 20 አደገ፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ ጣሪያው ተነሳና እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በየወጪው ይደራደር ተባለ። 8 እና 15 የሚሉትን ቁጥሮች ያዙልኝ፤ እመለስባቸዋለሁ።

እንግዲህ ገንዘብ ባለበት ሌብነት የለም ወይ? ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ሐቁን መናገር አለብኝ። በ1991 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ጉዳይ አገር ጉድ አሰኘ። ኮንግሬስማን ጆን ዲንግል ፕሬዚዳንቱን ዶናልድ ኬኔዲን ምክር ቤት ጠርተው አፋጠጧቸው። ለምን ቢሉ፣ ከጓዳው ሂሳብ ውስጥ ባለ 72 ጫማ የመዝናኛ ጀልባ የእርጅና ተቀናሽ ተገኘ! ለፕሬዚዳንቱ መኖሪያ የተገዛ አበባና ጨርቃ ጨርቅም ነበረበት። የታክስ ከፋዩ ሕዝብ «የካንሰር ምርምር ብላችሁ ወስዳችሁ አልጋ ልብስ ገዛችሁበት ወይ?» አለ። ማለቱም ተገቢ ነው። የስታንፎርድ መቶኛ ወደ 55.5 ተቆረጠ፤ ኬኔዲ ከሥልጣን እንደሚወርዱ በዚያው ዓመት አስታወቁ፤ በ1992 ወረዱ። መንግሥትም ለሁሉም ዩኒቨርሲቲ የአስተዳደሩ ክፍል ከ26 በመቶ እንዳይበልጥ ጣሪያ አበጀለት። ያ የ26 ጣሪያ ዛሬም አለ። ጩኸቱ ሲበርድ በ1994 ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ። ስታንፎርድ የከፈለው 1.2 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ መንግሥትም ማጭበርበር ተፈጽሟል የሚል ክስ እንደሌለው ገለጸ። ይህን ግን ማን ያስታውሳል? ጀልባዋን ነው ሁሉም የሚያስታውሳት። እኔ በሥራዬ ዘመን ሁሉ «አንተስ ጀልባ የለህም?» እየተባልኩ ስቀለድ ኖሬያለሁ።

የኔ አስተያየት፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ከዚያ ውርደት በቂ ትምህርት አልወሰዱም። ከመንግሥት ጋር የተዋዋሉትን ቁጥር ያውጃሉ እንጂ፣ ያ ገንዘብ የት የት እንደገባ ለራሳቸው ፕሮፌሰሮች እንኳ በወጉ አያስረዱም። በምሠራበት ቦታ አንድ የማከብራቸው ተመራማሪ ነበሩ፤ ጣሪያቸው እያፈሰሰ ማይክሮስኮፑን በላስቲክ ሸፍነው ይሠሩ ነበር። «በኔ ስም በየዓመቱ ይህን ያህል ሺህ ዶላር ለሕንጻ ትቀበላላችሁ፤ ጣሪያዬን ማን ይሥራልኝ?» ብለው ቢሮዬ ድረስ መጡ። የምመልሰው አልነበረኝም። ገንዘቡ ወደ አንድ የጋራ ቋት ገብቶ ሌላ ሕንጻ ላይ ወጥቷል። አሰራሩ ሕጋዊ ነው። ግን እኚያ ሰው ነገ «የጓዳው ወጪ ይቆረጥ» ሲባል ዩኒቨርሲቲያቸውን ቆመው ይከላከላሉ ወይ?

ነገ የተባለው ቀንም መጣ። አርብ የካቲት 7 ቀን 2025 የሥራ ሰዓት ካለቀ በኋላ ስልኬ ጮኸ፤ አለቃዬ ናት። «አየኸው?» አለችኝ። ኤን.አይ.ኤች የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት ዋናው የጤና ምርምር ገንዘብ ሰጪ አንድ ማስታወቂያ አውጥቷል። ከሰኞ ጀምሮ የጓዳው ወጪ ለሁሉም ዩኒቨርሲቲ 15 በመቶ ብቻ! ለአዲሱ ድጎማ ብቻ ሳይሆን ቀድሞ ለተፈረመውና በሥራ ላይ ላለውም ጭምር። አርብ ማታ ተነግሮ ሰኞ ጠዋት የሚጸና! እኔ እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ የማውቀው ከሌላ አገር ነበር። /ሳቅ/

መሥሪያ ቤቱ ያቀረበው ምክንያት ምን ነበር? በ2023 በጀት ዓመት ከሰጠው 35 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ 9 ቢሊዮኑ ለጓዳ ወጪ ሄዷል፤ አማካዩ መቶኛ ከ27 እስከ 28 ነው፤ ሃርቫርድ 69፣ ዬል 67.5፣ ጆንስ ሆፕኪንስ 63.7 በመቶ ይወስዳሉ፤ የግል ፋውንዴሽኖች 10 እና 15 በመቶ ከፍለው የሚሠራ ከሆነ መንግሥት ለምን ይበልጥ ይከፍላል? የሚል ነው።

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። መልስ ግን አለው። ፋውንዴሽን ትንሽ የሚከፍለው ድንኳኑን ሌላ ሰው ተክሎ ስለሚጠብቀው ነው። እንደ ጌትስ ያለው ለዩኒቨርሲቲ 10 በመቶ ሲከፍል፣ መንግሥት በጓዳ የሚከፍለውን አንዳንዱን ወጪ በቀጥታው በጀት ውስጥ ጻፉት ይላል። የቀረውን የሚሸፍነው ወይ መንግሥት ነው፤ ወይ ዩኒቨርሲቲው ከኪሱ ነው። ሁሉም አባል «እኔ ለሳጥኑ ብቻ» ካለ ድንኳኑን ማን ይግዛ? ደግሞም ሃርቫርድን በስም መጥራት ብልጠት ነው። ሃርቫርድ ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ ጥሪት አለው፤ ትንሽ ቢጎዳም አይሞትም። የሚወድቀው ስሙን የማትሰሙት፣ ከክፍለ ሀገር ከተማ ያለው፣ የገበሬ ልጆች የሚማሩበት የስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ይኸ ነው። ጀልባ የገዛ ካለ ኦዲተር ይላክበት፤ ያስመልሱት። በሌባ አሳብቦ የሁሉንም መብራት ማጥፋት ግን ኦዲት አይባልም።

ያ 15 በመቶ ደግሞ ከየት መጣ? ማንም ለክቶ አላገኘውም። የሁሉም ሕንጻ፣ የሁሉም መብራት በአንድ ሌሊት 15 ሆነ። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን አስታወሳችሁ? 15 የ1958 ቁጥር ነው። በ1958 ቤተ ሙከራ ውስጥ ኮምፒዩተር የለ፤ በሰው ላይ የሚደረገውን ምርምር የሚመረምር የሥነ ምግባር ኮሚቴ በግዴታ የለ፤ የሳይበር ጥበቃ የሚባል ነገር የለ። እነዚህን ሁሉ ከጊዜ በኋላ ያዘዘው ራሱ መንግሥት ነው።

የሆነው ሆኖ እነዚያን ሦስት ቀናት አልረሳቸውም። ቅዳሜና እሑድ ቢሮ ውለን አደርን። እኔ የማሰላው ቁጥር አልነበረም የሚታየኝ፤ ያ ፍሪጅ ነበር። በምሠራበት ቦታ የሕሙማን ናሙና የያዙ ስንት ፍሪጆች እንዳሉ አውቃለሁ፤ የመብራታቸው ሂሳብ ከየት እንደሚከፈልም አውቃለሁ። ያን ቅጽ ሁለተኛ ጊዜ ልፈርም ነው? አልኩ።

ሰኞ ዕለት 22 ስቴቶች ቦስተን ያለው የፌደራል ፍርድ ቤት ሄደው ከሰሱ። ዳኛዋ ኤንጅል ኬሊ በዚያው ቀን፣ ልብ በሉ በዚያው ቀን፣ ማስታወቂያውን ለጊዜው አገዱት። በመጋቢት እግዱ ጠነከረ፤ ሚያዝያ 4 ቀን ለዘለቄታው ሆነ፤ መንግሥት ይግባኝ ቢልም የይግባኙ ፍርድ ቤት በጥር 2026 የዳኛዋን ውሳኔ አጸናው። ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ የቆየ ሕግ ነው። በ2017 የዚያው ፕሬዚዳንት አስተዳደር በበጀት ሐሳቡ ላይ የጓዳው ወጪ 10 በመቶ ይሁን ብሎ ነበር። ኮንግሬሱ እምቢ ብቻ አላለም፤ ከ2018 ጀምሮ በየዓመቱ የበጀት አዋጅ ውስጥ «በዚህ ገንዘብ የጓዳውን ወጪ አሠራር መለወጥ አይቻልም» የሚል አንቀጽ አስገባ። ዳኛዋ ያቺን አንቀጽ አነበቧት። በ2025 የኃይል ሚኒስቴሩም፣ የሳይንስ ፋውንዴሽኑም፣ መከላከያውም የየራሳቸውን 15 በመቶ አውጀው ነበር፤ እነሱም ፍርድ ቤት ተወሰዱ።

እኔን የደነቀኝ የሳይንቲስቶቹ ጩኸት አይደለም። በበጀት አዋጅ ሆድ ውስጥ የተወተፈች አንዲት አንቀጽ፣ ማንም የማያነባት፣ ለመንግሥት እምቢ ማለት መቻሏ ነው። እንደኔ ያለ ደንብ ጠባቂ ዕድሜ ልኩን ደንብ ሲያስከፋው ኖሮ አንድ ቀን ደንብ ሲያስደስተው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እሺ፣ አሁን ወደዚህ ልመለስ። «ይህ የሃብታሞች ጠብ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ፊት ከኋላ ወንበር አካባቢ ይታየኛል።

ኤን.አይ.ኤች ለውጭ አገር ተቋም ገንዘብ ሲሰጥ የጓዳው ወጪ ጣሪያ ስንት መሰላችሁ? 8 በመቶ። ከጥቂቶች በቀር ለውጭ ተቋም ሁሉ ያው 8 ነው። እሱም በዋናው የአሜሪካንን የቁጥጥር ደንቦች ለማሟያ ተብሎ የሚሰጥ ነው። ማንም መጥቶ መብራታችሁ ስንት ነው፣ ጄኔሬተራችሁ በወር ስንት ሰዓት ይሠራል ብሎ አልጠየቀም። 8 ማለት እነሱ ራሳቸው በ1958 ትተውት ያለፉት ቁጥር ነው። እዚያ 15 ሲባል ሰማይ ተደፋ፤ እዚህ 8 ሲሆን ማን ተነፈሰ? መብራት የማይጠፋበት አገር ላለው ዩኒቨርሲቲ 60፣ መብራት ለሚጠፋበት 8! ፈረንጆቹን ብቻ አልወቅስም። ውሉን ስንፈርም «ይህ አይበቃንም፤ ወጪያችን ይኸው» ብለን ያቀረብነው ወረቀት የት አለ?

ይህ የናፍጣ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእንዶድን ታሪክ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በ1964 አክሊሉ ለማ አድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያ ተሸካሚዎቹ ናቸው። ይህን የመሰለ ግኝት! ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ሆነው ዓመታት ደከሙበት፤ በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት አብረው ተቀበሉ። ነገር ግን ከግኝቱ እስከ ሽልማቱ 25 ዓመት አለ። ካዘገዩት አንዱ ምን ነበር? የእንዶድ ደህንነት ምርመራ ዓለም አቀፍ ደረጃ ባሟላ ላቦራቶሪ መደረግ አለበት ተባለ። ደረጃ ማለት ምንድን ነው? የተመዘገበ የሙቀት መጠን፣ የማይቋረጥ መብራት፣ በየጊዜው የሚስተካከል ሚዛን፣ የእንስሳት ማቆያ፣ የመዝገብ ሠራተኛ። አንዱም የአክሊሉ ለማ ጥናት ርዕስ አይደለም። ሁሉም የጓዳ ነው። እኛ ያ ጓዳ ስላልነበረን የመርዛማነቱ ምርመራ በኋላ ወደ ውጭ ወጥቶ ተሠራ። ሰው አላጣንም፤ ተክሉንም አላጣንም።

እዚህ ከመጣሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። የጋበዘኝ ወዳጄ የሚሠራበትን ላቦራቶሪ አሳየኝ፤ ጎበዝ ወጣቶች ናቸው፤ ፍሪጃቸውም አዲስ ነው። ልማዴ ሆኖ ሂሳብ ክፍሉ ሄጄ አንዱን ልጅ «ይህ ላቦራቶሪ በወር የስንት ብር መብራት ይበላል?» አልኩት። በአክብሮት ብድግ ብሎ ነው የመለሰልኝ።

«ጋሼ፣ እሱን እንኳ አናውቀውም» አለኝ። «የላቦራቶሪው፣ የካፍቴሪያው፣ የተማሪዎች ማደሪያውም፣ የግቢው ቆጣሪ አንድ ነው።»

ለላቦራቶሪው የራሱ ቆጣሪ ማስገባት ስንት ያስወጣል? ብዬ ብጠይቀው፣ ጠይቀው እንደነበር ነገረኝ። መልሱንም ከመሳቢያው አውጥቶ አሳየኝ። ጀርባው ላይ በእጅ ጽሑፍ «የበጀት መስመር የሌለው ስለሆነ ተመላሽ» ይላል። ፊርማው የኔ አልነበረም።

እንግዲህ እኔ ይህን ያህል ነው የማውቀው። ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ።